ሁለት ጊታርና አንድ የደከመ ድምፅ

ሁለት ጊታር አለኝ። አንዱ ቀይ ኤሌክትሪክ ነው። ከአዲስ አበባ ገንዳ ውሃ ድረስ በአውቶቡስ ጭኜ ሳይሆን እንደ ሕፃን አቅፌ ነው ያመጣሁት። ሁለተኛው የእንጨት ነው፤ ማዶ ሱዳን ጦርነቱ ሳይነሳ በፊት ጋላባት ገበያ ከአንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ገዛሁት። ስገዛው ጀርባው ላይ ስንጥቅ ነበረበት። እኔ ደግሞ የምሠራው የትራክተር መለዋወጫ ሱቅ ነውና፣ የሞተር ጋስኬት በሚጣበቅበት ማጣበቂያ ደፈንኩት። ያየ ሁሉ ይስቅብኛል። ይሳቅ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

የእኛን ቆላ የማያውቅ ሰው ጊታር ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ዕቃ ይመስለዋል። ኧረ ወዲያ! እዚህ ግድግዳ ላይ ከሰቀሉት ወር ሳይሞላው አንገቱ ይጎብጣል። መኪና ውስጥ ከረሱትማ ክሩን የያዘው እንጨት ከደረቱ ተላቅቆ ነው የሚገኘው። ስለዚህ የእንጨቱን ጊታር የማኖረው ከዚሩ አጠገብ ነው፤ ዚር የምንለው የመጠጥ ውሃ የምናቀዘቅዝበትን ትልቁን የሸክላ ማሰሮ ነው። የሱ እርጥበት እንጨቱን ከመሰንጠቅ ያድነዋል። ሌላም ደንብ አለን። በቀን የተቃኘ ጊታር ፀሐይ ስትጠልቅ እንደገና ይቃኛል። ቀን ክሩ በሙቀቱ ይላላና ድምፁ ይወርዳል፤ ነፋሱ ሲመጣ ይሸመቀቅና ድምፁ ይወጣል። ይህን የማያውቅ የቆላ ሙዚቀኛ የለም። እኔም አውቃለሁ፤ ማወቅ ብቻውን ምን ያደርጋል!

አያ የምላቸው ሰው የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ሰሊጥ ከአብርሃ ጅራ እየጫኑ ጎንደር ሲመላለሱ ጠጉራቸው ሸበተ። ሰው የሚያውቃቸው ግን በመኪናቸው አይደለም፣ በድምፃቸው ነው። በዚህ ቆላ ሴት ልጅ ስትዳር፣ ከቤቷ እስከ መኪናው በር ድረስ ዘፍነው የሚያወጧት እሳቸው ናቸው። እኔንም ያወጡኝ እሳቸው ናቸው። እንዴት አድርገው እንዳስለቀሱኝ! ባሌ እስካሁን "ሠርግ ነው ያሉኝ፣ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ የመጣሁት ብዬ ነበር" እያለ ይቀልድብኛል።

የወለደ አባት ልጁ ስትወጣ መርቆ አንገቱን ይደፋል እንጂ አይዘፍንም። ይህ የታወቀ ነው። አያ ግን የመጨረሻዋ ልጃቸው ገና ጡት ሳትጥል "ይችን የማወጣት እኔው ነኝ" ብለው በሰው ፊት ምለዋል። ከዚያ ባለፈው ዓመት ጉሮሯቸውን ታመሙ። ጎንደር ያያቸው ሐኪም "ከጮኹ የቀረችዋም ድምፅ ትሄዳለች" አላቸው። ያ ሜዳ የሚሞላው ድምፅ ቀጠነ፣ ሻከረ። ዓመት ሙሉ ሠርግ ቤት ሲጠሯቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይቅርታ እየጠየቁ ይቀመጡ ነበር።

ጥር ሲገባ ልጅቱ ልትዳር ሆነ። አያ ከመተማ ዮሐንስ ድረስ ተሳፍረው ሱቁ መጡ። የዘይት ማጣሪያ የሚገዙ ሁለት ሰዎች እስኪወጡ ጠበቁና ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡ።

"አንቺ ልጅ፣" አሉኝ፣ "አንዲት ዘፈን ናት የቀረችኝ። እሷንም ለልጄ ነው ያስቀመጥኳት። ሰው ፊት እንዳታዋርጅኝ።"

"ኧረ አያ፣ ምን ማለትዎ ነው! እርስዎ ተዋርደው እኔ ቆሜ ላይ?"

"አታባብይኝ። የትኛውን ጊታር እንደምትይዢ አስቢበት። ሌላ ምንም አልልሽም።"

ይህን ብለው ባጃጅ ተሳፍረው ሄዱ። እኔ የቀረውን ቀን የሰጠሁት ዕቃ ሁሉ ስህተት ነበር።

የምጫወትበት የሠርግ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የጎንደር ልጅ ነው፤ እጁ ወርቅ፣ ምላሱ እሾህ። ስነግረው ሳቀ። "ምን ያስጨንቅሻል? ቀዩን ያዢ። ድምፃቸው ሲሰበር ትጨምሪና ትሸፍኚላቸዋለሽ። ሰው መዝፈናቸውን ያያል፣ መሰበራቸውን አይሰማም።" እውነቱን ልናገር፣ ይህ የሠርግ ባንድ ሁሉ ልማድ ነው። ዘፋኝ ሲደክም ሙዚቃው ይጨመራል። ስንቱን ዘፋኝ እንዲህ አድርጌ ከነክብሩ ወደ ቤቱ ሸኝቻለሁ! ግን አያን አውቃቸዋለሁ፤ ቀዩ ሲጮኽ እሳቸውም ከሱ በላይ ሊወጡ ይጮኻሉ፣ ያን ጊዜ ሐኪሙ ያለው ይደርሳል። የእንጨቱን ብይዝ ደግሞ የሚሸፍናቸው ነገር የለም፣ ያ ሻካራ ድምፅ እርቃኑን ሰው ፊት ይቆማል። አንዱ ያሳምማቸዋል፣ አንዱ ያጋልጣቸዋል። ሦስት ሌሊት ሳገላብጠው አደርኩ። ባሌ "ጊታር ነው የምትመርጪ ወይስ ባል?" ብሎ ተነጫነጨብኝ።

በሠርጉ ቀን ሁለቱንም ይዤ መተማ ዮሐንስ ሄድኩ። ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ አያ ከጓሮ ኒም ዛፍ ሥር ወሰዱኝ። የእንጨቱን አወጣሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ለራሳቸው ያህል ያንጎራጉራሉ፣ እኔ ክሩን ዝቅ፣ ደግሞ ዝቅ አደርጋለሁ። እንዲህ ዝቅ አድርጌ ቃኝቼ አላውቅም። አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ግንባራቸው ተፈታ። ድምፃቸው ሻካራ እንደሆነ ነው፣ ግን ተመቻችቶ ተቀመጠ።

"እዚች ላይ ነኝ፣" አሉ። "ከዚች አንዲት ጣት ከፍ ካልሽ አልደርስብሽም። በይ ማንም እንዳይነካት።"

በቃ፣ ምርጫው አለቀ አልኩ። ለኪቦርዱ ልጅ ስነግረው "ጉድ ታደርጊያቸዋለሽ!" አለኝ። እኔም የማይባል ተናገርኩት፤ እዚህ አልደግመውም። የእንጨቱን ጊታር ድንኳኑ ውስጥ ከመድረኩ ጥግ አስቀመጥኩና እንደ እንቁላል ጠበቅኩት። ልጆች ሲጠጉ አባረርኩ። እኔ ራሴም አልነካሁትም። እሳቸው አትንኪ ብለዋላ!

ሙሽራው ዘጠኝ ሰዓት ይደርሳል ተብሎ ነበር። ከአብርሃ ጅራ ነው የሚመጣው። መንገድ ላይ የአንዱ መኪና ጎማ ፈነዳ፣ ሲቀይሩ ሌላው ሞቀ፣ እንዲህ እንዲህ እያሉ አሥር ሆነ፣ አሥራ አንድ ሆነ። እኛ እንግዳው እንዳይቀዘቅዝ እየተጫወትን ነው። እኔ ቀዩን ይዤ፣ ኪቦርዱ እየጮኸ፣ ከጎረቤቱ የእህል ነጋዴ መጋዘን የተዋስነው ጄኔሬተር ከድንኳኑ ጀርባ እያጓራ። ሰሊጥ አጭደው የጨረሱ የጎጃምና የወሎ ልጆች አቧራውን እያስነሱ ይጨፍራሉ። የአገር ሰው ሁሉ እዚያ ነው።

የመኪና ጡሩምባ የተሰማው ፀሐይዋ ማዶ ሱዳን ውስጥ ልትገባ ስትል ነው። ከወንዙ በኩል ያች ደስ የምትል ቀዝቃዛ ነፋስ መጣች። ሰው ሁሉ "እፎይ" አለ። እኔም እፎይ አልኩ። እግዜር ምስክሬ ነው፣ አንድም ነገር ትዝ አላለኝም።

ሚዜዎቹ ገቡ፣ ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩ፣ ሙሽራዋ ከቤት ወጣች። አያ ነጭ ጋቢያቸውን አስተካክለው ከድንኳኑ መሐል ቆሙ። ሰዉ ሊዘፍኑ መሆኑን ሲያውቅ እልልታው ቀለጠ። እኔ ቀዩን አስቀምጬ የእንጨቱን አነሳሁና የመጀመሪያውን መታሁ።

ወጥቷል። ድምፁ ሽቅብ ወጥቷል። አንዲት ጣት አይደለም፣ ከዚያም በላይ ነው። አያ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ዘጉት። አዩኝ። በነፋሱ እፎይ ያልኩት እኔ፣ በዚህ ቆላ ተወልጄ ያደግኩት እኔ፣ ማንም የቆላ ጀማሪ የማይረሳውን ረሳሁ። ስድስቱን ክር አንድ በአንድ ሳወርድ ይህ ሁሉ ሰው ሊጠብቅ ነው? ሙሽራው ሊጠብቅ ነው? የኪቦርዱ ልጅ በቅንድቡ ቀዩን ያሳየኛል፤ "አንሺው! ሸፍኚያቸው!" እንደማለት። እጄ ወደ ቀዩ ሄደ። አልዋሽም፣ ሄደ።

አያ ማይኩን ከአፋቸው አራቁና "ተይው" አሉኝ። ከዚያ ማይኩን አጠገባቸው ለቆመ ሰው ሰጡት።

እና ጀመሩ፤ ያለ ማይክ፣ ያለ ጊታር። ኒሙ ሥር በነበረችው፣ በዚያች ዝቅተኛ ቦታ። መጀመሪያ ከእኔና ከፊት ካሉት በቀር የሰማ የለም፤ ጄኔሬተሩ ያጓራል። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ ያየ ሰው ሲንሾካሾክ አየሁ። ያኔ የእህል ነጋዴው ከተቀመጠበት ተነሳ። ጀለቢያውን ሰብስቦ ሰዉን እየጣሰ ወደ ጀርባ ሄደና የራሱን ጄኔሬተር በእጁ አጠፋው። መብራቱ ጠፋ፣ ድምፅ ማጉያው ሞተ። "ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች፣ ስሙ!" አለ ጮኾ።

ሠርግ ቤት ጸጥ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ስንት ሠርግ ተጫውቻለሁ፣ አልሰማሁም። ያ ሁሉ ሰው፣ አጫጁ፣ ነጋዴው፣ ሹፌሩ፣ ሕፃን ያዘለችው፣ ዝም አለ። የብርጭቆ ድምፅ እንኳ የለም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ያ የተሻከረ ድምፅ ብቻውን ይሄዳል። ትልቅ አልነበረም። ቆንጆም አልነበረም። ግን ድንኳኑ ዳር ድረስ ደረሰ፤ ዳር ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሲያደርጉ ስላየሁ ነው የማውቀው። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼም ተደንቄም አላውቅም። ያን ድምፅ ልሸፍነው ነበር እኮ! እኔ ደፋሯ!

እጄን ሥራ ፈትቶ ማስቀመጥ አልቻልኩም። የወፍራሙን ክር መቃኛ ያዝኩና በአውራ ጣቴ ክሩን በቀስታ እየነካሁ ማውረድ ጀመርኩ። ክሩ እያለቀሰ ሲወርድ ሁሉም ይሰማል፤ ምን ላድርግ? ወረደ፣ ወረደ፣ የእሳቸው ድምፅ ካለበት ደረሰና ገጠመ። የገጠመች ጊዜ የጊታሩ ጀርባ ሆዴ ላይ ነዘረ። አያ ዞር አላሉም፣ ጭንቅላታቸውን ብቻ አንዴ ነቀነቁ። ሌላ ክር አልነካሁም። በዚያች በአንዷ ክር ብቻ ከኋላ ከኋላቸው ሄድኩ።

ሙሽራዋ መኪናው በር ላይ ደርሳ አንድ እግሯን አስገብታ ቆማ ቀረች። አያ ወደሷ ሄዱ። ያን ቀን ያወጡት ግጥም ነው፣ ከዚያ በፊት ከማንም አልሰማሁትም፦

የስንቱን ሰው ጭነት በሰላም አድርሼ፣
የራሴን አደራ ሸኘሁት አልቅሼ።

"አደራ" ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ። ለሁለት ተሰንጥቆ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። ያ ሦስት ሌሊት ያስፈራኝ ነገር ይኸው መጣ፣ ሁሉም ሰው ሰማው። እሳቸው አልደበቁትም። አላሳሉም፣ አልቸኮሉም። ትንፋሻቸውን ሳቡና ያችኑ ቃል ደግመው ከተሰበረችበት አንስተው ጨረሷት። ከሕዝቡ ውስጥ አንድ ሹፌር፣ ግዙፍ ሰውዬ፣ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። የሳቀበት አልነበረም። ልጅቱ እግሯን ከመኪናው አውጥታ ተመለሰችና ጉልበታቸውን ሳመች፤ አንስተው አቀፏት፣ በሩን ራሳቸው ከፍተው አስገቧት። ከዚያ በኋላ ነው እልልታው የፈነዳው።

መኪኖቹ አቧራውን እየጎተቱ ሄዱ። የኪቦርዱ ልጅ የቀዩን ጊታር ገመድ ይጠቀልል ጀመር። ሰው አያን እየከበበ ግንባራቸውን ይስማል፣ ትከሻቸውን ይመታል። እሳቸው ሁሉንም በእጃቸው ገለል እያደረጉ ወደ እኔ መጡ። እኔ ጊታሩን እንዳቀፍኩ "አያ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ረስቼ ነው፣ አላየሁትም..." እያልኩ እንተባተባለሁ። ሊመልሱልኝ አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከሩ፤ ሹክሹክታ እንኳ የለም። አያ ግን የተጨነቀ ፊቴን አይተው ሁለት እጃቸውን አነሱና ባዶ ጆንያ እንደሚያራግፍ ሰው አራገፉት፤ አለቀ፣ ሁሉንም ሰጠኋት ማለታቸው ነው። እኔ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ እሳቸው ያለ ድምፅ ይስቁ ነበር።