መልስ ሦስት ዲግሪ

አንድ ሰው ሥራችሁን ሆን ብሎ እንዳበላሸባችሁ እርግጠኛ ሆናችሁ፣ ግን እንዲህ ነው ብላችሁ ልትናገሩ ያልቻላችሁበት ጊዜ አለ? እኔ አለኝ። ያስታወሰችኝ ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ ናት። የላሜራ ማጠፊያ መሣሪያ በኮምፒውተር፣ በካድ፣ ስትነድፍ ቆይታ፣ «መምህርት፣ ዕቃው ዘጠና ዲግሪ እንዲሆን ከተፈለገ መሣሪያው ለምን ሰማንያ ሰባት ይሆናል?» አለችኝ። ላስረዳት አፌን ስከፍት ጋሽ አያሌው ትዝ አሉኝ።

ያኔ ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቴ ነበር፤ እዚሁ ደብረ ማርቆስ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ለሙከራ ተቀጥሬ አስተምር ነበር። ወቅቱ ጥቅምት ነው። ጠዋት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሲወጣ በመንገዱ ዳር የተቀቀለ ድንች በዳጣ ይሸጣል፣ የእሸት ሽታ ከባጃጅ ጭስ ጋር ይደባለቃል። ከደምበጫ በኩል የመጡ ገበሬዎች አዝመራው ሳይሰበሰብ የላሜራ ጎተራ እንድንሠራላቸው ጠየቁ። ክዳኑ ግጥም የሚል፣ ነቀዝ የማያስገባ መሆን ነበረበት። የወርክሾፑ ኃላፊ ሥራውን ለእኔ ሰጡኝና፣ «ናሙናው ከገጠመ ሥራው የእኛ ነው፤ አንቺም በቋሚነት ትቀጠሪያለሽ። ካልገጠመ ሰዎቹ ባሕር ዳር ይሄዳሉ፤ ስላንቺም እንነጋገራለን» አሉኝ። «እንነጋገራለን» የምትለዋን ቃል ይዤ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ጥቂት ላስረዳ። ላሜራ ስታጥፉት ይታጠፋል፤ ስትለቁት ግን በመጠኑ ወደ ነበረበት ይከፈታል። ስለዚህ ዘጠና ዲግሪ የፈለገ ሰው አሳልፎ ማጠፍ አለበት። ቁራጭ አጥፌ ስለካው የእኛ ላሜራ ሦስት ዲግሪ ይከፈት ነበር። በካድ የነደፍኩትን መሣሪያ በዚያው ልክ አጠበብኩት፤ ሰማንያ ሰባት ሆነ። ይህን መከፈት ለተማሪዎቼ «መልስ» ብዬ ሰይሜላቸው ነበር። ሙሽሪት ከተዳረች በኋላ ለመልስ ወደ ወላጆቿ ቤት ብቅ እንደምትለው ማለቴ ነው። በስያሜዬ በጣም ኮርቼ ስለነበር ከንድፉ ግርጌ፣ ከሌሎቹ ማስታወሻዎች በታች፣ «መልስ 3 ዲግሪ» ብዬ ጻፍኩ።

መሣሪያውን በፍሬዛ ማሽን የሚቆርጡት ጋሽ አያሌው ነበሩ። በወጣትነታቸው ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ቆይተው ወደ ብረት የዞሩ፣ ቃል ሲጥሉ ሁለት ፍቺ የማያጡ ሰው ናቸው። ንድፉን ስሰጣቸው የማዕዘን መለኪያ ስኳድራቸውን ወረቀቱ ላይ አጋደሙና ቀና ብለው አዩኝ።

«እታለም፣ ይኼ እኮ ጠማማ ነው።»

«ታውቆ ነው ጋሽ አያሌው። ላሜራው ሲለቀቅ ይከፈታል።»

«ኮምፒውተሩ ነው የነገረሽ?»

«ለክቼው ነው።»

«ጥሩ። ኋላ አያሌው አጣመመው እንዳይባል ብቻ።»

ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ይህ አላማረኝም። የሰው ሁሉ ንድፍ ማሽኑ ላይ ይለጠፋል፤ የእኔ ለምን ኪስ ይገባል?

የመጀመሪያው ክዳን ታጥፎ ሲወጣ ጠርዙ ዘጠና ሦስት ሆነ። ጎተራው ላይ ሲቀመጥ እንደ ባርኔጣ ክንፍ ዘረጋ። ጋሽ አያሌው ክዳኑን አዩትና ወደ ማሽናቸው ተመለሱ፤ ይህም አላማረኝም። ምሳ ሲወጡ ጠብቄ መሣሪያውን ለካሁት። ዘጠና ነው። ድፍን ዘጠና። የተሳሳተ እጅ እንዲህ ልክ ላይ አያርፍም፤ ታስቦበት የተቆረጠ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ምልክት ሆነብኝ። ከኃላፊው ጋር ቆመው ሲያወሩ ስለ እኔ ይመስለኛል። የኮምፒውተሬን የይለፍ ቃል ቀየርኩ። እሳቸውም እኔ ስገባ የመሣሪያ ሣጥናቸውን መቆለፍ ጀመሩ። ሁለታችንም እየተጠራጠርን ሰላምታችን ግን አልቀረም፤ «እንዴት አደሩ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» እንባባላለን።

በመጨረሻ አልቻልኩም፤ ማሽኑ ፊት ሄጄ ቆምኩ።

«ጋሽ አያሌው፣ መሣሪያው ዘጠና ነው።»

«ነው።»

«እኔ የሣልኩት ሰማንያ ሰባት ነው።»

«እሱም ነው።»

«ታዲያ?»

ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉት። «ይኸው በጽሑፍሽ። ብሳ አልሽኝ፣ በሳሁ። ሞርድ አልሽኝ፣ ሞረድኩ። በወረቀት ላይ አንተ ብትይኝም ታገሥኩ። ቀጥሎ መልስ ሦስት ዲግሪ አልሽኝ፤ ሦስት ዲግሪ መለስኩ፣ ዘጠና ሆነ። ልጅቱ ጥመቱን አይታ ራሷ አረመችው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ወረቀቱን ደጋግሜ አየሁት። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። «ል» ከላላ የእኔ ስያሜ ነው፤ ከጠበቀ ትእዛዝ ነው። ከላይ ያሉት ማስታወሻዎች ደግሞ ሁሉም ትእዛዞች ነበሩ።

ደግነቱ አንግል ማጥበብ ብረት መቀነስ እንጂ መጨመር አይፈልግም፤ ያንኑ መሣሪያ እንደገና ቆረጡት። ጋሽ አያሌው ግን ቁጥሩን ጮክ ብዬ ሳልነግራቸው ማሽኑን አላስነሡም። አዲሱ ክዳን ተሠራ። የገበሬዎቹ ተወካይ አቶ ደሳለኝ ሲመጡ ክዳኑን ጎተራው ላይ ደፉት፣ ከኪሳቸው እፍኝ ጤፍ አውጥተው ዙሪያውን በጠርዙ ላይ በተኑ፣ እየዞሩም በጡጫ መቱት። ከዚያ ከፍተው አንገታቸውን እስከ ትከሻቸው ወደ ውስጥ ሰደዱ። አንድም ፍሬ አልገባም።

«ለእኛ ያሳያችሁን ይቺን ነው» አሉ ሲወጡ። «የምትሰጡን ሌላ እንዳይሆን።»

ሥራው ለእኛ ሆነ፤ እኔም ተቀጠርኩ። ጋሽ አያሌው ዛሬ ጡረታ ላይ ናቸው፤ ስንገናኝ ስለ ጤናዬ ይጠይቁኛል። አንድ ነገር ግን እስካሁን ይከነክነኛል። በእያንዳንዱ ቃል ሁለት ፍቺ ሲፈልጉ ያደጉ ሰው፣ እንዴት በዚያ ቀን አንዱ ብቻ ታያቸው? ወይስ ሁለቱንም አይተው ስኳድራቸው የወደደውን መረጡ? ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ብጠይቃቸውም የሚሰጡኝ መልስ ሁለት ፍቺ ይኖረዋል።

ስለዚህ እናንተ ሞክሩልኝ። በቁራጭ ወረቀት ላይ «ብሳ፣ ሞርድ፣ ቁረጥ» ብላችሁ ጻፉና ከሥራቸው «መልስ 3 ዲግሪ» ጨምሩ። ምንም ሳታስረዱ ለሁለት ሰዎች ስጡና ጮክ ብለው ያንብቡላችሁ። «ል»ን አጥብቀው ካነበቡት ጋሽ አያሌው እውነታቸውን ነበር። አላልተው ካነበቡት ግን ለእኔ አትንገሩኝ።