ዲዳዋን እናት የተጫወትኩበት ዓመት

ጅግጅጋ ውስጥ ቲያትር የምንሠራ ሰዎች በሙያው የምንተዳደር አልነበርንም። አንዱ መምህር፣ አንዱ ባለሱቅ፣ አንዱ ልብስ ሰፊ፣ እኔ ደግሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፤ ከሥራ ስንወጣ ተሰብስበን እንለማመዳለን። እኔ ማንበብን በደንብ የቻልኩት ትልቅ ሴት ሆኜ፣ የማታ ትምህርት ገብቼ ነው። ለዚህ ይሆናል፣ ጽሑፍ እጄ ሲገባ የራሴን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም አጠናለሁ። መድረክ ላይ ቃል የጠፋው ሰው ዞር ብሎ የሚያየው እኔን ነበር። አንዲት ቃል ብትዘለል ቀኑን ሙሉ ቅር ሲለኝ ይውላል፤ ይህን ጠባዬን የወደዱልኝ ጥቂቶች ናቸው።

ቲያትራችን በአማርኛ ነበር። ከሚያየን ሰው ግማሹ፣ ወደ ሽንሌና ወደ አፍደም ስንወጣ ደግሞ ሁሉም ለማለት ይቻላል፣ ሶማሊኛ ተናጋሪ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ትዕይንት በፊት አንድ ሰው ይወጣና የሚመጣውን በሶማሊኛ ይተርካል። ሰው ቀድሞ ስለሚያውቅ ቀድሞ ይስቃል፤ አንዳንዴም ሟቹ ሳይሞት ይለቀስለታል። ተራኪው ባሌ ነበር፤ የመድረክ ባሌ፣ ልብስ ሰፊው። በስንቱ ድርሰት አግብቶኛል፣ ፈቶኛል፣ እኔም ቀብሬዋለሁ። አንዳንድ ቀን ደስ ሲለው፣ አሁን የምትወጣው ሴትዮ ነገረኛ ናት፣ ባሏን እዘኑለት ይላል። አዳራሹ በሳቅ ይፈነዳል። እኔ፣ ያልተጻፈ ነገር ለምን ታስገባለህ ብዬ አኮርፈዋለሁ።

ከ2010 ክረምት በኋላ ይህ ሁሉ ቀረ። ከተማው ሲረበሽ ባለሱቁ ሱቁ ተቃጠለበትና አዳማ ገባ፤ መምህሩ ልጆቹን ይዞ ድሬዳዋ ሄደ። አልተመለሱም። እኔ ቀረሁ። አባቴ በወታደርነት መጥቶ እዚሁ ነው የተቀበረው፤ ሌላ አገሬ ነው የምለው ቦታ የለኝም። መጽሐፌን ይዤ ቤቴ ተቀመጥኩ።

ከጊዜ በኋላ አንድ ወጣት ሶማሌ፣ ኮሌጅ የሚያስተምር፣ ቡድኑን እንደገና አሰባስቦ አዘጋጅ ሆነ። ልብስ ሰፊው እኔም እንድጠራ ነገረው። ቲያትሩ በሶማሊኛ እንዲሆን ተወሰነ፤ መሆንም ነበረበት፣ አማርኛ ሰምቶ የሚያለቅስ ሰው አዳራሹን መሙላት ካቆመ ቆይቷል። የእኔ ሶማሊኛ ግን የገበያ ነው። እገዛበታለሁ፣ ሰላም እልበታለሁ፣ እጣላበታለሁ። ለተሰጠኝ ቦታ፣ ልጇን ለምታጣ እናት፣ አይበቃም። ልምምድ ላይ አፌን ስከፍት ልጃገረዶቹ ፊታቸውን በሻሻቸው ይሸፍኑ ጀመር። በክፋት አልነበረም፤ ሳቃቸው እያመለጣቸው ነው።

አንድ ቀን አዘጋጁ ወደ ጥግ ወሰደኝ። አክብሮኝ ኤዶ ይለኛል፣ አክስቴ ማለቱ ነው።

«ኤዶ፣ እናትየዋን ዲዳ አድርጌያታለሁ» አለ። «ፊትሽ ይበቃል።»

እሺ አልኩ። እምቢ ካልኩ መድረኩ እዚያው ላይ ያበቃል። ልብስ ሰፊው ሲሰማ፣ በስተርጅናዬ ዝም የምትል ሚስት ሰጠኝ ብሎ ሁሉንም አሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ጽሑፉን ስገልጥ የእኔ ድርሻ ትገባለች፣ ታለቅሳለች፣ ትወጣለች ይላል። የሌሎቹን ቃል ግን እንደ ልማዴ አንድ በአንድ አጠናሁ።

አፍደም ላይ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ቲያትሩን አሳየን። ስንጨርስ፣ ዕቃ አይሱዙው ላይ እየተጫነ ሳለ፣ አንዲት ሴት ሰዉን ሰንጥቃ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። እጄን ያዘች። አፏን ነካች፣ ደረቷን ነካች። ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊው ዞራ በሶማሊኛ ማውራት ጀመረች። ከልጅነቷ የማትናገር ሴት ልጅ ቤት ውስጥ አለቻት። ለምን ትሆናለች እየተባለች ነው ያደገችው። ዛሬ እንደሷ ያለች ሰው ሲጨበጨብላት አየች። ልጅቷን ልታመጣት ነው፣ ትንሽ ጠብቁኝ ትላለች። ይህን ስትነግረው እጄን አልለቀቀችም።

ሁሉንም ሰማሁ። ልብስ ሰፊው አየኝ፣ ከዚያም ጫማውን አየ።

ዝም ብል ልጅቷ ትመጣለች። ፊቴ ቆማ በእጆቿ ታናግረኛለች፤ እኔ ከዚያ ቋንቋ አንዲት ምልክት አላውቅም። ስለዚህ በዚያው በገበያ ሶማሊኛዬ፣ እናገራለሁ፣ ቲያትር ስለሆነ ነው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት።

እጇን ሰበሰበች። አልተቆጣችም።

«ታዲያ አፍ እያለሽ ለምን ዝም አልሽ?» አለችኝ።

ልብስ ሰፊው ሊመልስላት ፈለገ። ያን ሁሉ ዘመን ከራሱ እየጨመረ የተረከ ሰው ዞሮ ዕቃ ይጭን ጀመር። ሴትዮዋ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ከግቢው ወጣች።

ጅግጅጋ እንደገባን አዘጋጁን ቃል እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት። ጥቂት ትሁን፣ ከሳቁም ይሳቁ አልኩት። አንገቱን ደፋ።

«ኤዶ፣ ለቅሶው ላይ ከሳቁ ቲያትሩ ሞተ ማለት ነው።»

ልክ ነው። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ከዚህ የተለየ አልልም ነበር፤ እንዲያውም እሱን ያህል አንገቴን አልደፋም። እንግዲያው ሌላ ሰው ፈልግ ብዬው ወጣሁ። ልብስ ሰፊው ቤቴ ድረስ መጥቶ ለመነኝ፣ ቀለደ፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ተቀመጠ። አልተመለስኩም።

እናትየዋን አሁን የአዘጋጁ ተማሪ የነበረች ልጅ ትጫወታታለች። ትናገራለች። ባለፈው ጠርተውኝ ሄጄ ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ። ልጅቷ ጥሩ ናት፤ ትንሽ ትቸኩላለች። ሁለተኛው ገቢር ላይ እናትየዋ ልጇን ከመኝታው ታጣውና ደጅ ወጥታ ስሙን ትጣራለች። ልጅቷ ወደ በሩ ስትሄድ እኔ ሳላስበው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ ነበር። እሷ ተጣራች። አጠገቤ ያሉት ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ። እኔ የሳብኩትን ትንፋሽ፣ እንዳይሰሙኝ፣ ቀስ ብዬ አወጣሁት።