ሁለት ወስፌ በአንድ ዙር

በሩ የተንኳኳው ማክሰኞ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ነበር። ሸዋ በር አካባቢ በተከራየኋት ክፍል ላፕቶፔ ላይ አቀርቅሬ ነበር። ሰዎች ጽፈው ማንም እንዲጠቀምበት በይፋ የሚለቁትን ኮድ አነባለሁ፤ በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ሁለት የፕሮግራሙ ክፍሎች አንዱን የማህደረ ትውስታ ቦታ ሳይጠባበቁ እንዳይነኩ፣ አንዱ የለቀቀውንም ሌላው እንዳለ ቆጥሮ እንዳይጠቀምበት እፈትሻለሁ፤ ስህተት ሳገኝም ውጭ አገር ላሉት ጸሐፊዎቹ እጽፍላቸዋለሁ።

«ውጭ አገር ከነማን ጋር ነው የምትጻጻፊው?» አለኝ ከገቡት ፖሊሶች አንዱ።

«አላውቃቸውም» አልኩ። እውነቴን ነበር። ከዚያ የባሰ መልስ ግን አልነበረም።

የታሰርንበት ክፍል ጠባብ ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ። እኔን ጨምሮ አምስት ሴቶች፣ አንድ ጀሪካን ውኃ፣ አንድ የፕላስቲክ ኩባያ። ጠምቶኝ ነበር፤ ለመጠየቅ አፈርኩ። ጥጉን ይዘው የተቀመጡ አንዲት የጀጎል እናት አዩኝ። የሞሰብ ስፌት ሰፊ ናቸው። ጎረቤቶቻቸው አብረዋቸው ሊሰፉ ቤታቸው ስለሚመጡ፣ ድብቅ ስብሰባ ታካሂጃለሽ ተብለው ነው የታሰሩት።

«ልጄ፣ ኩባያውን ከሰው እጅ አትንጠቂ። የጠጣች አለቅልቃ መስኮቱ ላይ ታስቀምጣለች፤ ቀጣይዋ ከዚያ ታነሳለች። አለዚያ ውኃውም ይደፋል፣ ጠብም ይመጣል።»

ሳላስበው ሳቅሁ። በሩ ሲንኳኳ ኮዱ ውስጥ የምፈልገው ይህንኑ ሕግ ነበር። ፈራ ተባ እያልኩ ሥራዬን ነገርኳቸው።

«ደሞዙስ?»

«የለውም፣ እማማ። በነጻ ነው።»

«ወላሂ፣ ለዚህማ ነው የጠረጠሩሽ!»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እሳቸው ቀጠሉ፦ «እኛም ጋ ሁለት ወስፌ አንድ ዙር ላይ አይገባም። ከተሳሳትሽ ደግሞ ስህተቱ ጋ እስክትደርሺ ትተረትሪያለሽ እንጂ ላዩን አታስጌጪም።» ሲመሽ የሻርፓቸውን ግማሽ ደረቡልኝ።

ጠዋት ተጠራሁ። መርማሪው ሦስት ገጽ አቀረበልኝ።

«ፈርሚና ቤትሽ ግቢ።»

«ላንብበው?»

«ያልሽውን እኮ ነው የጻፍነው።»

እንደ ልማዴ ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩ። ሁለተኛው ገጽ መሃል ላይ፣ በእኚያ እናት ቤት በተደረጉ ስብሰባዎች መካፈሌን አምኛለሁ ይላል። መስመሩን ሰረዝኩት። ጎኑ ላይ «ያወቅኋቸው ትናንት፣ እዚሁ እስር ቤት ነው» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

«አንቺ ልጅ፣ መውጣት አትፈልጊም?»

«እፈልጋለሁ» አልኩ። ወረቀቱን መለስኩለት።

እሳቸው ከእኔ በፊት ተፈቱ። ዛሬም ጀጎል በሄድኩ ቁጥር ቤታቸው ጎራ እላለሁ፤ ገና ሲያዩኝ «ደሞዝ ጀመሩልሽ?» ይሉኛል። ስለዚያ ሁለተኛ ገጽ ግን እስካሁን አልነገርኳቸውም።

ያን ጠዋት ወደ ክፍሉ ስመለስ «ምን አሉሽ?» ብለው ጠየቁኝ። «ገና ነው፣ እማማ» አልኩ። ኩባያውን ከመስኮቱ አንስቼ ጠጣሁ፤ አለቅልቄ ቦታው መለስኩት።