የማራዘሚያው ደብዳቤ

ፉሪ ተከራይቼ በየጠዋቱ በሚኒባስ ሰበታ እየወረድኩ፣ የፋብሪካ ፍሳሽ በሚቆጣጠር ቢሮ ውስጥ በኮንትራት እሠራ ነበር። ሥራዬ ከወንዝ ናሙና መቅዳት፣ ወደ ላቦራቶሪ መላክ፣ ውጤቱ ሲመጣ ሪፖርት መጻፍ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚወስኑት ሌሎች ናቸው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ዓመታት አለፉ።

ሽማግሌውን ያወቅኋቸው በአንድ የበጋ ጠዋት ነው። ከአንድ ቆዳ ፋብሪካ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ ከአባታቸው በወረሱት መሬት ላይ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። ወንበር ብሰጣቸው አልተቀመጡም። ከጋቢያቸው ሥር የውሃ ፕላስቲክ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና ክዳኑን ከፈቱት። ውሃው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ነበር። ሽታው ክፍሉን ሞላው።

«ሁለት ላም ሞቶብኛል» አሉኝ። «የቀረችኝ አንዲት ናት። እሷም ጨንግፋለች።»

በማግስቱ አብሬያቸው ወረድኩ። ድንጋዩ ሁሉ ነጭ አረፋ ለብሷል፤ እንቁራሪት እንኳ አይሰማም። ላሚቱ አፍንጫዋን ወደ ውሃው አስጠግታ ተመለሰች፤ ትንሽ ቆይታ፣ ጥማቱ ሲብስባት፣ ጠጣች። የሰፈሩ ቦኖ ከደረቀ መሰንበቱን፣ ልብስም የሚያጥቡት በዚሁ ውሃ መሆኑን የነገሩኝ የሽማግሌው ባለቤት ናቸው። ቀሚሳቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው የቆሰለ እግራቸውን አሳዩኝ። ናሙና ልቀዳ ጓንት ሳጠልቅ እጄን ተመለከቱ። አፈርኩ፤ ግን አላወለቅሁትም።

ሕጉን በቃሌ አውቀዋለሁ። የበከለ ራሱ ያጽዳ ይላል። ነባር ፋብሪካ ማጣሪያ እስኪተክል ወይም እስኪያሻሽል ደግሞ የእፎይታ ጊዜ ይሰጠዋል። ይሄኛው ፋብሪካ ማጣሪያም ነበረው፤ ሞተሩ የሚነሣው ግን እኛ ስንመጣ ብቻ ነው። ለቁጥጥር ከመሄዳችን በፊት ደብዳቤ መጻፍ ስላለብን የምንመጣበትን ቀን ያውቁታል።

ውጤቱ ሲመጣ ከሚፈቀደው እጅግ ያለፈ ሆኖ ተገኘ። ፋብሪካው ይታገድ ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ አስጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ለስለስ ባለ ድምፅ ስለ ሠራተኞቹ ብዛት፣ ስለ ውጭ ምንዛሪ፣ ከበላይ ስለ ተደወለለት ስልክ አወራኝ። ፋብሪካው የእፎይታ ጊዜው እንዲራዘምለት ለሦስተኛ ጊዜ ጠይቋል፤ የቀረው የእኔ የባለሙያ አስተያየት ነው።

«ያ ሁሉ ሰው ሥራ ፈትቶ ወንዙ ቢጠራ ማን ይጠቀማል?» አለኝ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ባለቤቴ ግን የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር፤ ኮንትራቴ የሚታደስበት ወርም ደርሶ ነበር። «ማጣሪያው በመሻሻል ላይ ስለሆነ ተጨማሪ ጊዜ ቢሰጠው» ብዬ የማራዘሚያውን ደብዳቤ በገዛ እጄ ጽፌ ፈረምኩ። የመጀመሪያውን ሪፖርት ማንም አልቀደደውም። መሳቢያዬ ውስጥ ቀረ።

ከሳምንታት በኋላ ሽማግሌው ውጤቱን ሊሰሙ መጡ። በኦሮምኛ «አካም ጂርቱ» ብዬ ሰላም ስላቸው በደስታ መለሱልኝ፤ ተስፋ አድርገው እንደመጡ ገባኝ። አንድ ዓመት እንደተራዘመ ነገርኳቸው። ደብዳቤውን ላንብብልዎ አልኩ፤ ማንበብ አይችሉም ነበር። እስከ መጨረሻው መስመር አነበብኩላቸውና አቆምኩ።

«ከታች ያለውስ ምንድነው?» አሉ፣ ጣታቸውን ፊርማዬ ላይ አድርገው።

«የቢሮው ማኅተም ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

ማኅተሙ ከፊርማዬ ጎን ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስለደከምክልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብለው መረቁኝ። በር ላይ ሲደርሱ ግን ዞር አሉ።

«ላሜ ዓመት የምትቆይ ይመስልሃል?»

እንጃ አልኳቸው። አውቅ ነበር።

ላሚቱ ክረምቱ ሳይገባ ሞተች። ይህን የሰማሁት ከጎረቤታቸው ነው። ባልና ሚስቱ መሬቱን ለሌላ አከራይተው ተጂ ከተማ ወዳለው ዘመዳቸው ሄዱ። ዓመቱ ሲያልቅ ፋብሪካው አራተኛ ማራዘሚያ ጠየቀ። እንዲህ ያለ ነገር ሰው አንዴ ካደረገው ሁለተኛው ይከብደዋል ብዬ አስብ ነበር። ስፈርም አልከበደኝም። ያስፈራኝ ይህ ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ ወንዙ ዳር የወረድኩት ናሙና ልቀዳ ነው። በሽማግሌው ማሳ ላይ ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ሴት ጎመንና ሰላጣ ተክላ በሞተር ውሃ እየሳበች ታጠጣለች። አትክልቱ አረንጓዴና ያማረ ነበር። ውሃው መርዝ እንዳለበት፣ ጎመኑ ለሰው መሸጥ እንደሌለበት ነገርኳት። ሞተሩን አላጠፋችም።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ሌላ ውሃ ካለ ያሳዩኝ።»

ወደ ላይም ወደ ታችም አየሁ። የማሳያት ውሃ አልነበረኝም። ጓንቴን አጥልቄ ጠርሙሴን መሙላት ጀመርኩ።