ሳነብ የጨመርሁት ስም

ወረታ ላይ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆኜ ሥራ የጀመርሁ ዕለት፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛዬን አቁሜ፣ ቀለም፣ ብዕርና ካርቦን ደርድሬ ጠበቅሁ። የመጀመሪያው ባለጉዳዬ መሪጌታ ውበቱ ነበሩ፤ ዓይናቸው የደከመ የቅኔ መምህር። የርብ ወንዝ ሞልቶ ማሳቸውን ስለወሰደው አቤት ሊሉ ነው የመጡት።

«እንግዲህ ጎርፍ የማይደርስበት መሬት ጨረቃ ላይ ብቻ ነው» አሉኝ። ሳቅን። ከዚያች ቀልድ ታሪክ ወጣ፤ የፎገራ ገበሬ ጨረቃን ሲያርስ የሚያሳይ። እርሳቸው ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ።

በሬዎቹን የሚወስደውን የብረት መርከብ የፈጠርሁት እኔ ነኝ። ከባዱን ጥያቄ ያመጡት ግን እርሳቸው ናቸው።

«እዚያ ነገሩ ሁሉ ይቀላል ብለኸኛል። ታዲያ ማረሻው እንዴት አፈር ይገባል?»

መልሱንም ራሳቸው አመጡት።

«ሞፈሩ ላይ ድንጋይ እሰርበታ! ድንጋዩም ከቀለለ ጨምርበት።»

«የጣናው ሰው» የሚል የብዕር ስም ለሁለታችን አውጥተን አዲስ አበባ ለሚታተም መጽሔት ላክነው። ወጣ። ሌሎችም ተከተሉት። ቆይቶ አዘጋጁ «አንባቢ ማን እንደሆንህ እየጠየቀ ነው፤ እውነተኛ ስምህን ላክ» ብሎ ጻፈልኝ። የራሴን ብቻ ላክሁ።

ሰበብ አላጣሁም። በቅኔ ቤት መምህሩ ለተማሪው ቅኔ ይሰጠዋል፤ ተማሪው ቆሞ እንደ ራሱ አድርጎ ያሰማል፤ ማንም አይወቅሰውም። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ተማሪያቸው ሆኜ አላውቅም።

መጽሔቱ ሲደርስ ቤታቸው ሄጄ አነበብሁላቸው። ስሜ ላይ ስደርስ የእርሳቸውንም ጨመርሁ፤ «ደምሌና መሪጌታ ውበቱ» አልሁ። ከዚያ በኋላ በወጣው ሁሉ እንዲሁ አደረግሁ። ፈገግ ይሉ ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ አፍራለሁ።

አንድ ክረምት ታመሙ። ልጠይቃቸው ብገባ መጽሔቶቹን ራስጌያቸው ደርድረዋቸዋል። አላስቻለኝም።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ። ስምዎ እዚህ ላይ የለም።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ስሜ ላይ ስትደርስ ድምፅህ ዝቅ ይል ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ብናገርህ አፍረህ ትቀር ነበር። በሬዎቹን ከጨረቃ ማን ይመልሳቸው?»

ያንለት ለአዘጋጁ ጻፍሁ። እርማቱ የወጣው ግን አርባቸው ከወጣ በኋላ ነው። መቃብራቸው አጠገብ ቆሜ ስማቸውን ጮክ ብዬ አነበብሁ።

አብሮ የጻፈ ሰው ስሙ መጻፍ ያለበት ሥራው ሲላክ ነው።