ለዶሮዋ የተነገረው

ቺሩታ ወደ ልጇ ቤት ስትሄድ አፏን ለጉማ ነበር። ልጇ ሻይማ ያገባችው ደቡብ፣ ኮቺ ከተማ ነው። እናትየዋ የምትኖረው ደግሞ ከህንዷ ኬረላ ግዛት ሰሜን ጫፍ፣ ካሳራጎድ አጠገብ፣ የቅጠል ሲጋራ እየጠቀለለች። ቋንቋው አንድ፣ ማላያላም፣ ቢሆንም አነጋገሩ ሌላ ነው። ድሮ በማላያላም ፊልም የቺሩታ አገር ሰው ብቅ ካለ ለማሳቂያ ነበር። ሻይማም ነርስነት ስትማር ስለተሳቀባት አነጋገሯን ቀየረች፤ እናቷንም «እማ፣ ከባሌ ቤተሰብ ፊት ብዙ አታውሪ» አለቻት።

አንድ ዓመት ዝናቡ እንዳባራ ፊልም ሠሪዎች የቺሩታ መንደር መጡ። ተዋናይ የሚፈልጉት ከሰፈሩ ሰው ነበር። ለቺሩታ የሙሽሪት እናት ሆና በሠርጉ ቀን ያረፈደውን አማቿን መቆጣት ደረሳት። የተጻፈላትን አጥንታ ስትናገረው እንደ ሬዲዮ ዜና ሆነ።

ወጣቱ ዳይሬክተር አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «እማማ፣ ቤትዎ እንደሚቆጡት ይቆጡት።»

«ደቡቦቹ ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ! እናቴም እንደርስዎ ነው የምታወራው።»

ቺሩታ ወደ ሙሽራው ዞረች። «አንተ ጉድ! ሩዙ ድንጋይ ሆኖ፣ እንግዳው መንገድ መንገዱን ሲያይ አንገቱ ቀጥኖ፣ አንተ ፀጉር ስታበጥር ዋልክ?»

ሙሽራ የሆነው የሰፈሩ ባጃጅ ነጂ የተጻፈለትን ረሳ። «ጎማ ተንፍሶብኝ ነው» አለ። እንዲሁ ተቀረጸ።

ሙሽራዋ ከሄደች በኋላ ላለው ትዕይንት ዳይሬክተሩ «የመጣልዎትን ይበሉ» አላት። ቺሩታ በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ ሻይማን የዳረች ዕለት ያለችውን ለዶሮዋ ደገመችላት።

ፊልሙ ኮቺ ሲደርስ ቺሩታ ከሻይማና ከባሏ ቤተሰብ ጋር ሲኒማ ቤት ገባች። ቺሩታ ሸራው ላይ አፏን ስትከፍት አዳራሹ ሳቀ፤ ሻይማ አቀረቀረች። ሙሽራው ስለ ጎማው ሲናገር ሳቁ ባሰ። ቺሩታ ያኔ ገባት፤ የሚሳቀው በተቆጪዋ ሳይሆን በሙሽራው ነው። በረንዳው ላይ ስትቀመጥ ግን የሚያስል እንኳ ጠፋ።

ውጭ ሲወጡ የሻይማ አማት ሩግሚኒ ዓይኗን እየጠረገች ጠየቀች። «ቺሩታ፣ ለዶሮዋ ያሉት ግማሹ አልገባኝም። ምን ነበር?»

የመለሰችው ሻይማ ናት፤ ያውም በሰሜን አነጋገር። «‹እኔና አንቺ ቀረን፣ እንግዲህ ማንን ልቆጣ?› ነው ያለችው።»

ባሏ ፈዞ አያት። «አንቺ እንዲህ ነው እንዴ የምታወሪው?»

«እንዲህ ነው። ልመደው።»

ቺሩታ ከዚያ በኋላ ሁለት ፊልም ሠራች። ኮቺ ስትመጣም ከሩግሚኒ ጋር ወሬ ከጀመረች የሚያቆማት የለም።