ዝቅ ያለች መኪና፣ ሦስት ሽማግሌ፦ ከሮቤ ደሎ መና

ሮቤ፣ ጎህ ሲቀድ

ከሮቤ ተነስቶ የሳነቴን ደጋ አቋርጦ ደሎ መና የሚወርድ ሰው ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ ወፍራም ጋቢና ከፍ ያለ መኪና። እኛ ጋቢ ነበረን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮቤ ገበያ አጠገብ ሞባይል የሚሸጠው ወዳጄ ጀማል፣ ራህማ የምትባል የደሎ መና ልጅ ወደደ። እሷም ወደደችው። የቀረው አባቷን ኦቦ ሁሴንን በሽማግሌ መጠየቅ ነበር፤ ቀኑም ተቆርጧል። ሽማግሌዎቹን ሊያደርስ የነበረው ላንድክሩዘር ግን ማታውን ለቀብር ተጠርቶ ሄደ። ለቅሶ ከሠርግ ይቀድማል፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ቀኑ ይዛወር እንዳይባል ደግሞ ኦቦ ሁሴን ቀጠሮ የሚያፈርስ አይወዱም። ከዚህ በፊት ሌላ ጠያቂ ሽማግሌ ልኮባቸው፣ አርፍደው ስለደረሱ ከበር መልሰዋቸዋል አሉ። ጀማል ይህን ሲነግረኝ ላቡ በግንባሩ ይወርድ ነበር።

ስለዚህ የቀረችን የጀማል መኪና ናት። ሮቤ ውስጥ የማያውቃት የለም። ነጭ የቤት መኪና ነበረች፤ "ነበረች" የምለው አሁን ምን እንደሆነች ስለማላውቅ ነው። ከጎማዎቿ በላይ የሚሸከማትን የፋብሪካ ሞላ አስወጥቶ አጫጭር ሞላ ካስገባላት ወዲህ ሆዷ አስፋልቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። የጋሪ ፈረሶች እንኳን ቁልቁል ነው የሚያዩአት።

"ታምራለች አይደል?" ይለኛል ሁልጊዜ።

"እንቁላል ላይ የተቀመጠች ዶሮ ትመስላለች" እለዋለሁ።

ጠያቂው ራሱ ከሽማግሌ ጋር አይሄድምና መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አስተማሪ ነኝ እንጂ ሾፌር አይደለሁም። አጠገቤ ሐጂ ከድር ተቀመጡ፤ እህል ነጋዴ ናቸው፣ ለሽምግልና ንግግር ሮቤ ውስጥ እንደሳቸው ያለ የለም። ከኋላ የጀማል አባት አጎት ኦቦ ቱፋ፣ ገብስ አራሽ፣ ቀጭን፣ ነገር የማያልፋቸው። ከጎናቸው ጡረተኛው የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ አቶ ግርማ፤ መኪና ሲነሳ ይተኛሉ፣ ሲቆም ይነቃሉ። ኦቦ ቱፋ ለልጅቷ ቤት የተላከውን ቅቤ በቅል እቅፍ አድርገው ይዘዋል። ሦስቱ ሲገቡ መኪናዋ ቃተተችና ጭራሽ መሬት ልትገባ ደረሰች።

ጀማል በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብሎ "አደራ" አለኝ። ለማን እንደሆነ አልገባኝም፤ ለሽማግሌዎቹ ይሁን ለመኪናዋ። ለመኪናዋ ይሆናል ብዬ በሆዴ ሰደብኩት።

የመጀመሪያውን ኩርባ ወደ ቀኝ ስንታጠፍ ከፊት እግሯ ድምፅ መጣ፤ ግ-ው-ው... ቋ!

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ ኦቦ ቱፋ።

"ሞላው ይሆናል፣ ኦቦ ቱፋ።"

"ሞላ አይደለም። ሚልኪ ነው።"

ሚልኪ መንገደኛ ሲነሳ የሚያየው ወይም የሚሰማው ምልክት ነው። መልካም ከሆነ ይገሰግሳል፤ ክፉ ከሆነ ይመለሳል። ሚስት ሊጠይቅ የወጣ ሽማግሌ ደግሞ ከሁሉ በላይ ጆሮውን ያቆማል።

"አስተግፊሩላህ!" አሉ ሐጂ። "ብረት ጮኸ፤ በቃ።"

"ብረቱን ማን አስጮኸው?"

አቶ ግርማ አንቀላፍተዋል።

"እስከ ጎባ እሄዳለሁ" አሉ ኦቦ ቱፋ። "ድምፁ ካልተወን ግን እኔ ወራጅ ነኝ።"

እሳቸው ከወረዱ ሽምግልናው ፈረሰ ማለት ነው። ከጠያቂው ወገን ዘመድ ካልተገኘ ልጅ አይጠየቅም።

ጎባ፣ ቁርስ ሰዓት

እስከ ጎባ ያለው አስፋልት ጉድጓድ ባያጣም ቀጥ ያለ ነው፤ መኪናዋም ጭጭ አለች። ደስ አለኝ። ከተማው መግቢያ ላይ መሪ ሳዞር፣ ቋ!

ጋራዥ አቆምን። መካኒኩ መኪናዋን ሲያይ ፊቱ በራ፤ እንዲህ ያለ ሲሳይ በየቀኑ አይመጣለትም። ሐጂ "አካም ቡልተኒ" ብለው ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ከስሯ ሊገባ ሞከረ። አልቻለም፤ ቦታ የለም። በደረቱ ተኝቶ አጮለቀና ተነሳ።

"ቴስታው አልቋል። ጎሚኒው አልቋል። አሞርዛተሩ አልቋል።"

"ያላለቀ ነገር አለ?" አልኩት።

አሰበ። "ቀለሟ ጥሩ ነው።"

ባጃጅ ነጂዎች ተሰበሰቡ። አንዱ ጎማው መከለያውን እየነካ ነው አለ። ሌላው ሞተሩ ውስጥ ድመት ሊኖር ይችላል አለ፤ የአጎቱ ሚኒባስ ላይ ዲንሾ ከተማ እንዲህ ደርሷል። ሽማግሌዎቼ ሻይና ጩኮ አዘዙ። የጩኮው ገብስና ቅቤ ጥርስ ላይ ሲደቅ ሰው ሁሉ ይረጋጋል፤ እኔም ተረጋግቼ ማሰብ ጀመርኩ።

የመሪው መጋጠሚያ ቴስታ ወይም ላስቲኩ ጎሚኒ ቢሆን ጉድጓድ ስንገባ ነበር የሚንኳኳው። እኛ ግን በዚያ ሁሉ ጉድጓድ ስናልፍ ዱብ ዱብ ከማለት በቀር ቋ ያለ የለም። ወጥቼ መኪናዋ በቆመችበት መሪዋን አዞርኩት። ግ-ው-ው... ቋ! ሳትንቀሳቀስ ጮኸች። እንግዲህ የሚጮኸው የሚዞረው ነገር ነው።

"ኦቦ ቱፋ፣ ስትታጠፍ ብቻ ነው የምትጮኸው። ጊዜ ይስጡኝ፣ አገኘዋለሁ።"

"እስከ ሳነቴ ሰጥቼሃለሁ፣ ባርሲሳ።" አስተማሪ ማለታቸው ነው።

"ከሳነቴ በምን ሊመለሱ ነው?"

"በእግሬ።"

ያደርጉታል። ስለማውቃቸው ሞተሩን አስነሳሁ።

ሳነቴ፣ ረፋድ

አስፋልቱ ቀረ። ከዚህ በኋላ ጠጠርና ድንጋይ ነው። ድንጋይ በመጣ ቁጥር ሽማግሌዎቹ ይወርዳሉ፣ መኪናዋ ቅልል ትላለች፣ እኔ እንደ እንቁላል ተሸካሚ ቀስ ብዬ አሳልፋለሁ፣ እነሱም ይገባሉ። በኋላ መግባቱን ተዉት። ጉም ውስጥ ሦስት ሽማግሌ ጋቢ ተከናንበው ከፊት ይሄዳሉ፤ እኔ ከኋላቸው በአንደኛ ማርሽ እከተላለሁ። ከወዲያ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ቀብር መስሎት ባርኔጣውን አወለቀ።

ብርዱ አጥንት ይበላል። ረጅሙ የጅብራ ተክል በጉሙ ውስጥ ሰው መስሎ ቆሟል። ቀይ ቀበሮ መንገዱን አቋርጦ ፍልፈል ፍለጋ ሄደ፤ ኦቦ ቱፋ ሚልኪ እንደሚያይ ሰው በዓይናቸው ተከተሉት።

የሃረና ጫካ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት አቆምኩ። እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼ ነበር። ከዚህ በታች ያለው ኩርባ በኩርባ ነው። ሞላው ከመቀመጫው ወጥቶ ከሆነ ሦስት ሽማግሌ ይዤ ገደል እገባለሁ። ማወቅ አለብኝ፣ ለማወቅ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ መሪ ያዞራል፣ አንዱ ሞላውን በእጁ ይዞ ያዳምጣል። በጎማውና በመከለያው መሀል ያለው ክፍተት ለእኔ እጅ አይበቃም። የሐጂ እጅ ከእኔም የወፈረ ነው። የሚገባው የኦቦ ቱፋ እጅ ብቻ ነው።

"እዚያ ውስጥ እጄን ልክተት?"

"ከውጭ በኩል ንክት ብቻ ያድርጉት። የሞላው ቀለበቶች መሀል ጣትዎን እንዳያስገቡ።"

"ቢስሚላሂ" ብለው አስገቡ። መሪውን ቀስ ብዬ አዞርኩ።

"ያዘ" አሉ። "ይዟል... እምቢ አለ... ኧረ ለቀቀ!" ቋ! እጃቸውን እባብ እንደነደፈው ሰው ስበው አወጡ፤ ከዚያ ደግሞ ፈገግ አሉ። "ድገመው።"

ደገምኩት። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ወደዱት።

ገባኝ። ሞላው አናት ላይ ኩሽኔታ አለ። መሪ ሲዞር ሞላው አብሮ ዞር እንዲል የሚያደርገው እሱ ነው። እሱ ሲያልቅ ሞላው ይያዛል፣ ይጠመዘዛል፣ ሲብስበት ድንገት ይስፈነጠራል። ባጭር ሞላ ላይ ድንጋዩ ሁሉ በቀጥታ አናቱን ሲደበድበው ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ተንበርክኬ በባትሪ አየሁ፤ ሞላው መቀመጫው ላይ ነው፣ አልተሰበረም።

"አይገድለንም" አልኩ። "ያሳፍረናል እንጂ።"

ኦቦ ቱፋ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "የተያዘ ነገር ከለቀቀ ምን ክፋት አለው? ሚልኪን ጋሪ ነው። መልካም ምልክት ነው!"

"ከጠዋት ጀምረህ ክፉ ነው ስትለን አልነበር?" አሉ ሐጂ።

"ጠዋት በጆሮዬ ሰማሁት። አሁን በእጄ ነካሁት።"

ይህን ብለው ቅሉን ከፈቱ። መልካም ነገር ቅቤ ይቀባል፤ የአገሩ ወግ ነው። ብረት የሚለሰልስበት ግራሶ ደግሞ የለንም። የተማርኩ ሰው ነኝ፣ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ኮፈኑን ከፍቼ ሞላው የተጠመጠመበት አሞርዛተር አናት ላይ ያለውን የላስቲክ ክዳን ያነሳሁት ግን እኔ ነኝ። ኦቦ ቱፋ በጣታቸው እየዛቁ ቀቡ፣ መረቁ። ቅቤው ከግማሽ ወረደ።

ሃረና፣ እኩለ ቀን

የመጀመሪያውን ኩርባ ዞርን። ጸጥታ! ሁለተኛውንም። ሐጂ ራሳቸው "ማሻአላህ" አሉ። ዛፎቹ ሽበት አውጥተዋል፣ ከቅርንጫፎቻቸው ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል፣ ጋቢያችንን አወለቅን። የሪራን መንደር አለፍን።

አቶ ግርማ በድንገት ነቁ። "ማነው ወጥ የሚሠራው?"

ማንም አይደለም። በሞተሩ ሙቀት ቅቤው ቀልጦ እየነጠረ ነው። እየፈሰሰ ወረደ፣ የመንገዱ አቧራ ተለጠፈበት፣ ድምፁም ተመለሰ፤ አሁን ከፊቱ ጭማሪ አለው። ግይይይ... ግ-ው-ው... ቋ! አቶ ግርማ "ርቦኛል" ብለው ተመልሰው ተኙ።

ደሎ መና፣ ከሰዓት በኋላ

በሰዓታችን ደረስን። ኦቦ ሁሴን በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን፤ ሳያዩን በፊት ሰምተውናል። ቡናና ማር ነጋዴ ናቸው፤ ከዚያ በፊት ግን ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ላይ የጨረሱ ሾፌር ነበሩ። ይህን ጀማል አልነገረኝም።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አሉ።

"ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም" አሉ ሐጂ በወጉ።

"እሺ ቁሙ።" ወደ እኔ ዞሩ። "ኮፈኑን ክፈት።"

ከፈትኩ። አሸተቱ። በጣታቸው ጠረግ አድርገው አዩት። "ይሄ ቅቤ ነው?"

"ለእናንተ ያመጣነው ነው" አሉ ሐጂ፤ ሳያስቡት ነው ያመለጣቸው። ኦቦ ቱፋ የጎደለውን ቅል ከጋቢያቸው ስር ሸጎጡት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

"የደህና መኪና ሞላ አውጥቶ የሚያሳጥር ሰው ነው ልጄን የሚጠይቀኝ?"

የሮቤው ተናጋሪ ሐጂ ከድር ወደ ኦቦ ቱፋ ዞሩ። እኔ የጀማልን ፊት አሰብኩ። ጠዋት በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ሲያየኝ።

ኦቦ ቱፋ አንድ እርምጃ ወደፊት ቀረቡ። "ሁሴን፣ ሞላውን ያሳጠረው ልጅነቱ ነው። ግን ስማኝ። ላንድክሩዘሩ ለቅሶ ሄደ። ልጁ ያለችው ይህች ብቻ ናት፤ በየቀኑ የሚያጥባት፣ ከኛ ከዘመዶቹ አስበልጦ የሚያያት። የሳነቴን ድንጋይ ያውቃል። እንደምትሰባበር እያወቀ ቁልፉን ሰጠን፤ ያንተ ቀጠሮ እንዳይፈርስ።"

ይህን እኔ አላየሁትም ነበር። ቀኑን ሙሉ መኪናዋ ላይ ስቀልድ ዋልኩ፤ ምን እንደሰጠን ግን አላሰብኩም።

ኦቦ ሁሴን ጣታቸውን ጠረጉ። መኪናዋን ዞሩ፣ ጎማዋን በእግራቸው ነካ አደረጉ፣ እንደገና ዞሩ። ሐጂ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ኦቦ ቱፋ ክንዳቸውን ያዟቸው።

"ተወው" አሉ በሹክሹክታ። "ይዟል። ቆይ።"

ቆየን።

"ሰጥቻለሁ" አሉ ኦቦ ሁሴን። "ሊወስዳት ሲመጣ ግን መኪናዋ በእግሯ ቆማ ትምጣ። ልጄ በሆዷ እየተሳበች ከቤቴ አትወጣም።"

"ለቀቀ!" አሉ ኦቦ ቱፋ ጮክ ብለው፤ ኦቦ ሁሴን ግራ ተጋብተው ሲያዩን ሦስታችንም በሳቅ ፈነዳን። አቶ ግርማ ለምን እንደሚሳቅ ባያውቁም ሳቁ። ከዚያ ማር መጣ፤ የሃረና ማር፣ ጥቁር፣ ጉሮሮ የሚከረክር።

ለጀማል ስልክ ደወልኩ። "ተሰጥታሃለች" አልኩት። ከዚያ ስለ መኪናዋ የተባለውን ነገርኩት። ሊከራከር ነው ብዬ ጠበቅሁ።

"ሽማግሌዎቹ ደህና ናቸው?" አለኝ።

ከጎባ ሮቤ፣ በማግስቱ

ስንመለስ ጎባ መግቢያ ላይ አንድ ባጃጅ ቆሟል፤ አጠገቡ ጀማል ከባድ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጧል። ማዳበሪያውን ፈትቼ አየሁ። የፋብሪካው ሞላዎች ናቸው።

"አባቷ ያሉትን ሰምተህ ነው?"

"አይደለም" አለ። "ትናንት ሳነቴ ላይ ስልካችሁ እምቢ ሲለኝ ነው ከጓዳ ያወጣኋቸው። በደህና ይመለሱልኝ እንጂ ሁለተኛ ዝቅ አላደርጋትም ብዬ ተሳልኩ። የአባቷ ቃል የደረሰኝ በኋላ ነው።"

የሽማግሌዎቹን ጉልበት አንድ በአንድ ስሞ እስኪጨርስ መኪናዋን ለማየት አልዞረም። ዶሮ ትመስላለች ያልኩትን ቃል መለስኩ፤ በሆዴ ነው፣ በአፌ ብናገረው ይኩራራል።

ሞላዎቹን ከኋላ ጫንን። ጀማል በባጃጁ ተከተለን፤ ለእሱ ቦታ የለም። ሮቤ ስንደርስ፣ ኦቦ ቱፋ እወርዳለሁ ባሉባት በዚያችው የመጀመሪያ ኩርባ ላይ መሪውን አዞርኩ።

ግ-ው-ው... ቋ!

"አሚን" አሉ ሐጂ ከድር።